ልጆቹ ምን እንዳጠፉ ይነገራቸው

ይድረስ፦ ለተማሪዎች የሮቦቲክስ ውድድር አዘጋጆች፣ ለደንብ አውጪዎችና ለዋና ዳኞች

ጉዳዩ፦ ቅጣት ሲሰጥ ምክንያቱ ለተማሪዎች እንዲነገር ስለመጠየቅ

ሰላምታዬ ባላችሁበት ይድረሳችሁ።

ለዓመታት የተማሪዎች የሮቦት ቡድን አሠልጥኛለሁ። አንድ የውድድር ወቅት ደግሞ የዳኛ መለያ ለብሼ ሜዳ ዳር ቆሜያለሁ። ከሁለቱም ወገን ያየሁትን ይዤ ነው የምጽፍላችሁ።

ከአንዲት ልጅ ልጀምር። ያኔ 15 ዓመቷ ነበር። የቡድናችን ሾፌር ነች፤ ሮቦቱን ከሜዳ ዳር ሆና በመቆጣጠሪያ የምትነዳው እሷ ናት። የማጣሪያው ሁለተኛ ቀን ላይ ነን፤ ደረጃችንም ጥሩ ነበር። ሰዓቱ አለቀ፣ ሮቦቶቹ ቆሙ። ሁላችንም በየፊናችን ስንቆጥር ስለነበር ጥምረታችን፣ ማለትም አብረን በአንድ ወገን የተሰለፍነው ቡድኖች፣ እንደመራ አውቀናል። ልጆቹ መተቃቀፍ ጀመሩ። ከዚያ የውጤት ሰሌዳው በራ። በተጋጣሚዎቻችን በኩል፣ "ቅጣት" ከሚለው ቃል ጎን፣ ከየት እንደመጣ የማናውቀው ነጥብ ተደምሯል። ቡድን ሲቀጣ ነጥቡ የሚደመረው ለተጋጣሚው ነው። በዚያ ነጥብ ተሸነፍን።

ልጅቷ ወደ ጥያቄ ማቅረቢያው ሄደች። መሬት ላይ በቴፕ የተሠመረ ትንሽ አራት ማዕዘን ነው። ቅሬታ ያለው ቡድን አንድ ተማሪ እዚያ ውስጥ ይቆምና ዋና ዳኛው እስኪመጣ ይጠብቃል። አዋቂ አይጠጋም። እኔም ከገመዱ ወዲህ ሆኜ አያታለሁ። የደኅንነት መነጽሯን አላወለቀችም። ሁለት እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ ቆማለች። ዳኞቹ ክብ ሠርተው ይነጋገራሉ። የሚቀጥለው ግጥሚያ ሮቦቶች እየገቡ ነው። ዋና ዳኛው መጥቶ ከእሷ ጋር የቆየው ግማሽ ደቂቃ ቢሆን ነው።

ስትመለስ ከበብናት። "ምን አለሽ?"

"አይተናል፣ ውሳኔው የመጨረሻ ነው አለኝ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ግን ምንድን ነው ያጠፋነው?"

መልስ አልነበረኝም። እስከ ዛሬም የለኝም።

በሚቀጥለው ግጥሚያ የሆነውን ግን አልረሳውም። ያቺ ልጅ ሮቦት ስትነዳ ደፋር ናት። በተጋጣሚዎች መሃል ሰንጥቃ ማለፍ ትወዳለች። በዚያን ቀን ግን ማንም ሲጠጋት ወደ ኋላ ትሸሽ ነበር። ባዶ ቦታ እየፈለገች ግጥሚያውን ሙሉ ሜዳውን ዞረች። ስትወጣ "ምነው ራቅሽ?" አልኳት። "የቱ እንደሚያስቀጣ ስለማላውቅ ሁሉንም ፈራሁት" አለች።

ከሰዓት በኋላ ካሸነፉን ልጆች አንዱ ወደ መጠገኛ ቦታችን መጣ። ሾፌር ነው። ትንሽ ቆም ብሎ፣ "እኛም አልገባንም፤ ምንም ስታደርጉ አላየንም" አለ። አሸንፎም ፊቱ ላይ ደስታ አልነበረም። ያልተብራራ ቅጣት የሚጎዳው የተቀጣውን ብቻ ይመስለን ነበር። አሸናፊውም ድሉን በሙሉ ልቡ እንዳይቀበል ያደርገዋል።

አባቶቻችን "በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ" ይላሉ። በቅሎ የምታህል ነገር በሙግት ተረትቶ ያጣ ሰው ይችለዋል፤ ሳይሟገት የተነጠቃት ጭብጦ ግን ትቆጨዋለች። የእነዚህ ልጆች ስሜት ይኸው ነው። በሥራዬ ብዙ ሽንፈት አይቻለሁ። ባትሪ በመሃል ሲሞት፣ ሽቦ ሲላቀቅ፣ ኮዱ ሲሳሳት ልጆች ያዝናሉ፣ ያለቅሳሉ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይስቃሉ። ምክንያቱን ያላወቁት ሽንፈት ግን ለወራት ሲያብሰለስላቸው አይቻለሁ።

ጥያቄዬ አንድ ነው። ውጤት ይገልበጥልን አልልም። ግጥሚያው ይደገም አልልም። ቅጣት በተሰጠ ቁጥር የትኛው ሮቦት፣ በየትኛው የደንብ ቁጥር፣ ምን ሲያደርግ እንደተቀጣ ለተማሪው ይነገረው። በቃ ይኸው ነው።

ይህን ስል የዳኝነትን ከባድነት ሳላውቅ አይደለም። ፈርስት የተባለው ድርጅት ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚያዘጋጀውን ፈርስት ሮቦቲክስ ኮምፒቲሽንን ብንወስድ ሜዳው ወደ 16 ሜትር ተኩል ርዝመትና ከ8 ሜትር በላይ ስፋት አለው። በአንድ ጊዜ ስድስት ሮቦቶች ይሯሯጡበታል፤ ሦስት ቀይ፣ ሦስት ሰማያዊ። እያንዳንዱ ባትሪውና ባምፐሩ (ዙሪያውን ያለው የግጭት መከላከያ) ሳይቆጠር ከ50 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል። እስከ እ.ኤ.አ. 2025 ድረስ ግጥሚያው ሁለት ደቂቃ ተኩል ነበር። የመጀመሪያዎቹን 15 ሰከንዶች ሮቦቶቹ በራሳቸው ፕሮግራም ይንቀሳቀሱ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሾፌሮቹ ይረከባሉ። ዳኛው ደግሞ በአብዛኛው በጎ ፈቃደኛ ነው። የዕረፍት ቀኑን ሰውቶ፣ ከጠዋት እስከ ማታ እግሩ እስኪዝል ይቆማል። ደሞዝ የለውም። ምስጋናም ብዙ ጊዜ የለውም።

እኔም ቆሜበታለሁ አላልኳችሁ? ከዚያ ወቅት ዛሬም የሚከነክነኝ አንድ ውሳኔ አለ። አንድ ሮቦት ሌላውን ጥግ አስይዞ መውጫ ነሣው። ልጆቹ "ፒን" ይሉታል። ደንቡ ከተወሰነ ሰከንድ በላይ ጥግ ማስያዝን ይከለክላል። በዚያ ወቅት 5 ሰከንድ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ወደ 3 ወርዷል። ዳኛው ክንዱን እያወዛወዘ በሚታይ መንገድ ይቆጥራል። እኔም መቁጠር ጀመርኩ። አንድ፣ ሁለት። ከኋላዬ ሌላ ሮቦት በጎኑ ወደቀና ዞር አልኩ። ስመለስ ሁለቱ አሁንም እንደተያያዙ ናቸው። ክንዴ መወዛወዙን አላቆመም ነበር፤ ዓይኔ ግን ሌላ ቦታ ነበር። ቅጣቱን መዘገብኩ።

ከግጥሚያው በኋላ አንድ ተማሪ መጣ። "መሃል ላይ ለቀነው ነበር፤ ተላቀን ነው እንደገና የተገናኘነው" አለ። ዋና ዳኛው ወደ እኔ ዞረና "ሞልቷል?" አለኝ። "ሞልቷል" አልኩ። የማላውቀውን እንደማውቅ አድርጌ ነው የተናገርኩት። "በመሃሉ ዞር ብያለሁ፣ እርግጠኛ አይደለሁም" ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ያ ልጅ አንገቱን ነቅንቆ ሄደ። እሱ እውነቱን ተናግሮ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን እውነቱን እንዳልተናገርኩ አውቃለሁ።

ለምን እንደዚያ አልኩ? ማንም አላስገደደኝም። ግን በሥልጠናችን ላይ "ዳኛ ማመንታት የለበትም" ተብሎ ተነግሮናል። እርግጠኛ ካልሆንክ ምን ማለት እንዳለብህ ግን አልተነገረንም። "አላየሁትም" ማለት ለዳኛ ነውር የማይሆንበት ሜዳ እንዲኖር እፈልጋለሁ። ይህን መፍጠር የምትችሉት እናንተ ናችሁ፤ ዋና ዳኞች በተለይ። የእናንተ ፊት ሲኮሳተር የታችኛው ዳኛ ይዋሻል። የእናንተ ፊት ሲፈታ እውነቱን ይናገራል። ደንቡ ቢነግረንም ባይነግረንም እርግጠኛ ያልሆኑበትን አለመቅጣት ይሻላል። እዚህ ላይ የማይስማሙ ዳኞች እንዳሉ አውቃለሁ፤ አቋሜ ግን ይህ ነው።

አዲስ ነገር ፍጠሩ እያልኳችሁ አይደለም። ከመካከላችሁ ቀድመው የጀመሩት አሉ። ቬክስ በተባለው ሌላ የተማሪዎች የሮቦት ውድድር ደንብ ዋና ዳኛው ጥፋት ሲመዘግብ የተጣሰውን ደንብ ቁጥር ለቡድኑ እንዲነግር ይጠበቅበታል። ቁጥሯን የያዘ ልጅ የደንብ መጽሐፉን ይገልጣል፤ አንብቦ ወይ ይቀበላል ወይ በቁም ነገር ይከራከራል።

ከሁሉም የሚያስቀናኝ ግን የትንንሾቹ ነው፤ ልጆች ከሌጎ የሠሩትን ሮቦት ጠረጴዛ ላይ የሚያወዳድሩበት ፈርስት ሌጎ ሊግ። ሮቦቱ ከቤት ክልሉ ውጪ እያለ ልጆቹ በእጃቸው ካነሱት ቅጣት አለው። ቅጣቱ ግን በምስጢር አይመዘገብም። ጠረጴዛው ላይ ስድስት ቀያይ ክቦች ተቀምጠዋል። ልጁ ሮቦቱን ባነሳ ቁጥር ዳኛው አንዷን ክብ ያነሳል። ልጁ በዓይኑ ያያል። ለምን እንደተነሳች ለመጠየቅ እንኳ አይደርስም፤ እጁ ገና ሮቦቱ ላይ ነው። መጨረሻ ላይ የቀሩት ክቦች ነጥብ ይሆናሉ። አምስት ወይም ስድስት ከቀሩ 50 ነጥብ፣ አንድ ብቻ ከቀረች 10።

የሁለት ደቂቃ ተኩሉ ግጥሚያ ሲያልቅ ዳኛው ከልጆቹ ጋር ጠረጴዛው ዳር ይቆምና ተልእኮዎቹን አንድ በአንድ ያያሉ። "ይሄ ነክቷል?" "አልነካም።" "እስቲ ጎንበስ ብለን እንየው።" አንድ የ10 ዓመት ልጅ አገጩን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ፕላስቲኩ መስመሩን ነክቶ እንደሆነ ከዳኛው ጋር ሲያይ አይቻለሁ። "አልነካም" አለ ልጁ ራሱ። በራሱ ላይ ነው የፈረደው። ጉዳዩ ለመለየት ሲያስቸግር ደግሞ ጥርጣሬው ለቡድኑ ይጠቅማል። ይህ ሥርዓት ለ10 ዓመት ልጅ ከሠራ ለ17 ዓመቱ ለምን አይሠራም? ሜዳው ሰፍቷል፣ ሮቦቱ ከብዷል፤ እውነት ነው። የልጁ የማወቅ መብት ግን ከዕድሜው ጋር አይቀንስም።

ስለ ቪዲዮ ዝም ብዬ ባልፍ ደስ ባለኝ፤ ግን ሁልጊዜ ይነሳል። ወላጆች ስልካቸውን ዘርግተው "ይኸው ተቀርጿል!" ይላሉ። ፈርስትም ቬክስም ዳኛ የግጥሚያ ቪዲዮ አይቶ እንዳይወስን ይከለክላሉ። ብዙ ሰው ይህ ያናድደዋል። እኔ ግን ምክንያታቸው ይገባኛል። ካሜራ ያለው ቡድንና የሌለው ቡድን እኩል አይሆኑም። ከአንድ ጎን የተቀረጸ ምስል ሳይነካ የነካ ያስመስላል። በቀን ብዙ ግጥሚያ በሚካሄድበት ሜዳ ላይ ሁሉም ስልኩን ይዞ ከመጣ ውድድሩ አያልቅም። እግር ኳስን ተመልከቱ። በዓለም ዋንጫ ቪኤአር (የቪዲዮ ረዳት ዳኛ) እ.ኤ.አ. በ2018 ከገባ ወዲህ ስንት ካሜራ ተደርድሮ ጭቅጭቁ አልቆመም። ሰዉን ያበሸቀው አንዱ ነገር ደግሞ ዳኛው ጆሮውን ይዞ ሲቆም ምን እየተባለ እንደሆነ አለማወቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023ቱ የሴቶች ዓለም ዋንጫ ላይ ዳኛዋ ውሳኔዋን በማይክሮፎን ለስታዲየሙ መናገር ጀመረች። ቴክኖሎጂው ያው ነው። የተጨመረው ምክንያቱን መናገር ብቻ ነው።

ስለዚህ ቪዲዮ ለውሳኔ ይፈቀድ አልልም። ነገር ግን ውድድሩ ካለቀ በኋላ፣ ዋንጫው ከተሰጠ በኋላ፣ ዳኞች ተሰብስበው የራሳቸውን ውሳኔዎች በቪዲዮ ቢያዩ ምን ይጎዳል? እኔ ያንን "ፒን" መልሼ ባየው ኖሮ በሚቀጥለው ሳምንት የተሻልኩ ዳኛ እሆን ነበር።

ለደንብ አውጪዎች ደግሞ ለብቻ አንድ ነገር አለኝ። የቅጣቱ ክብደት ራሱ ጭቅጭቅ ይወልዳል። እ.ኤ.አ. በ2014 የፈርስት ጨዋታ "ኤሪያል አሲስት" ይባል ነበር። ሦስት ሮቦቶች አንድ ትልቅ ኳስ እየተቀባበሉ፣ በሜዳው መሃል ከፍ ብሎ በተጋደመው ብረት ላይ አሻግረው፣ ቀልበው፣ ከላይኛው ግብ ይከቱታል። ሁሉንም አሟልተው ሲሠሩ ከአንድ ዙር ቢበዛ 60 ነጥብ ያገኛሉ። ቀላሉ ቅጣት ግን 20 ነበር፤ ከባዱ 50። እስቲ አስቡት። ሦስት ቡድን ተባብሮ ያለ አንድ ስህተት የሠራውን ሥራ የአንድ ዳኛ አንድ ጣት ሊያጠፋው ምንም አልቀረውም። በዚያ ላይ የትኛው ሮቦት ኳሱን እንደያዘ በስክሪን ላይ የሚመዘግቡት እነዚያው ዳኞች ነበሩ። አንድ ሰው ስክሪን እያየ ሜዳ እንዲያይ ተጠየቀ ማለት ነው። በዚያ ዓመት ጥፋቱ የዳኞቹ ነበር ብዬ አላምንም። የደንቡ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተሻሽሏል፤ ይህንም መመስከር ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024ቱ ጨዋታ፣ በ"ክሬሸንዶ"፣ ቀላሉ ቅጣት 2፣ ከባዱ 5 ነጥብ ነበር። ሾፌሮቹ በሚነዱበት ጊዜ አንድ ቀለበት "ስፒከር" በተባለው ግብ ውስጥ ማስገባትም 2 ነጥብ ነበር፤ የግቡ ዋጋ ለጊዜው ከፍ ሲል ደግሞ 5። ቅጣቱ ከአንድ ጎል አልበለጠም። ተቀጥቶ የተሸነፈ ቡድን "አንድ ቀለበት ብንጨምር ኖሮ" ማለት ይችላል። ይህ የሚያጽናና ሒሳብ ነው። አዲስ ጨዋታ ስትቀርጹ ይህን መለኪያ አትልቀቁት።

አሁን ደግሞ በጎውን ልንገራችሁ፤ የማየው ሁሉ መጥፎ አይደለምና። በሌላ ውድድር ላይ የእኛው ቡድን እንደገና ተቀጣ። በዚያም ተሸነፍን። አንዱ ልጅ ወደ ጥያቄ ማቅረቢያው ሲሄድ ያለፈው ትዝ ብሎኝ ሆዴ ተረበሸ። ዋናዋ ዳኛ መጣች። ከልጁ ጋር እኩል እንድትሆን ጎንበስ አለች። ከኪሷ ትንሽ ማስታወሻ አወጣች። "ክንዳችሁ ከተፈቀደው በላይ ተዘርግቷል። ሁለት ጊዜ። የመጀመሪያውን አላየሁትም፣ ባልደረባዬ ነው ያየው። ሁለተኛውን እኔው አይቻለሁ፤ ወደ ግራ ስትታጠፉ ነው" አለች። የደንቡን ቁጥር ነገረችው። በመዳፏና በክርኗ ክንዱ እንዴት እንደወጣ አሳየችው።

ልጁ እየሮጠ መጣ። አላዘነም። "ስንታጠፍ ነው! ስንታጠፍ ብቻ ነው የሚወጣው!" ፕሮግራም የምትጽፈው ልጅ ላፕቶፑን ከፈተች። ክንዱ ሲዘረጋ ከየት እንደማያልፍ በኮዱ ላይ ገደብ አስገቡ። ሁለት ሦስት ጊዜ መሬት ላይ ሞከሩት። ቀጣዩ ግጥሚያ ሊጀመር ደቂቃዎች ሲቀሩት ጨረሱ። በዚያን ቀን ድጋሚ አልተቀጡም።

በሁለቱም ጊዜ ቡድኑ የእኔው ነው። በሁለቱም ተቀጣን፣ በሁለቱም ተሸነፍን። በመጀመሪያው ሾፌሯ ፈርታ ሸሸች፤ በሁለተኛው ልጆቹ ሮቦታቸውን አሻሻሉ። በሁለቱ መሃል ያለው ልዩነት የአንዲት ዳኛ ማስታወሻና የአንድ ደቂቃ ንግግር ነው። ኢንጂነር እንዲሆኑ የምናሳድጋቸው ልጆች ናቸው። ሮቦት ሲበላሽ "ለምን?" ብለው እንዲጠይቁ ሌት ተቀን እናስተምራቸዋለን። ከዚያ ውድድር ላይ "ለምን?" ሲሉ "የመጨረሻ ነው" እንላቸዋለን።

የዳኛ ውሳኔ የመጨረሻ መሆኑን እደግፋለሁ። መጨረሻ የሌለው ክርክር ማንንም አይጠቅምም። የመጨረሻ መሆኑ ግን ላለማብራራት ምክንያት አይሆንም።

እናንት አሠልጣኞችና ወላጆች፣ ይህን የምታነቡ ካላችሁ ለእናንተም አንድ ቃል። ዳኛ ላይ አትጩኹ። የኤምአይቲው ፕሮፌሰር ዉዲ ፍላወርስ በፈርስት ውስጥ ያስፋፉት ሐሳብ አለ፤ በሙሉ ኃይል ተወዳደር፣ ተጋጣሚህንም አክብር የሚል። ዳኛውም ከዚያ አክብሮት ውስጥ አለ። ተማሪ ብቻ ይጠይቅ የሚለው ደንብ ትክክል ነው፤ እኛ ስንገባበት ነገሩ ከጥያቄ ወደ ጠብ ይቀየራል። ደግሞም የተሰደበ ዳኛ በሚቀጥለው ዓመት አይመጣም። ልምድ የሌለው ይተካዋል፤ ልጆቻችን ይበልጥ ይጎዳሉ።

"ጊዜ የለንም" እንደምትሉ እገምታለሁ። ስለዚህ ለካሁት። ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ ሰዓት ይዤ፣ ጮክ ብዬ ተናገርኩት፦ "ቀይ ጥምረት፣ መሃል የነበረው ሮቦት፣ ተጋጣሚን ከተፈቀደው ሰከንድ በላይ ጥግ ማስያዝ፣ በግጥሚያው መጨረሻ አካባቢ።" የደንቡን ቁጥር ጨምሬ ከ10 ሰከንድ በታች ወሰደብኝ። በአንድ ግጥሚያ ሦስት ቅጣት ቢኖር ግማሽ ደቂቃ ነው። ያቺ ልጅ መልስ ለማጣት የቆመችው ከዚህ በላይ ነበር።

ዳኛ በኪሱ የሚይዛት አንዲት ወረቀት አዘጋጅቻለሁ። አራት መስመር ናት፤ ሮቦቱ፣ የደንቡ ቁጥር፣ የሆነው ነገር፣ ያየው ዳኛ። አራተኛው መስመር ሥር "እርግጠኛ አይደለሁም" የምትል ትንሽ ሳጥንም አለች። የፈለገ ይውሰዳት፣ ይቀይራት፣ የተሻለ ካለው ይጣላት። ለሚቀጥለው ወቅት የዳኞች ሥልጠና ስትዘጋጁ በአንድ የልምምድ ግጥሚያ ላይ ሞክሯት። ከፈቀዳችሁ እኔም መጥቼ ሰዓት እይዛለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

አንድ የተማሪዎች ሮቦቲክስ አሠልጣኝ